ከአሞሌ ገበያ እስከ መሬት ደብተር፤ የቍጥርና የስሌት ታሪክ በይጁቤና በአካባቢዋ

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዐባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ደጋ ላይ የተቈረቈረችው ይጁቤ ዛሬ ለሚያልፍ መንገደኛ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ከመሆኗ በቀር ሌላ ታሪክ ያላት መስላ ባትታየውም፣ የመሳፍንት ዘመን ገና ሳያበቃ፣ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በጎጃምና በዳሞት ላይ ሠልጥነው በነበሩበት ወራት፣ «የባሶ ገበያ» እየተባለ በሰሜኑም በደቡቡም ነጋዴ ዘንድ ስሙ የሚጠራው ታላቅ ገበያ የሚቆመው በዚህችው በይጁቤ ነበር። ከዐባይ ማዶ ከጉድሩ፣ ከሊሙ እናርያ፣ ከዚያም አልፎ ከከፋ የሚመጣው ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ፣ ለመጻፍ ቢከብድም ለሽያጭ የሚነዳው ሰው ጭምር፣ ከጎንደር በኩል ከወረደው የአሞሌ ጨው፣ የጨርቅና የዶቃ ጭነት ጋር የሚገናኘው በዚህ ነበር።

ነጋዴው ወደዚያ ገበያ የሚገባው ጭነቱን ብቻ ይዞ አልነበረም፤ በልቡ ያኖረው የቍጥር መዝገብም ነበረው። አሞሌ ከአፋር ቆላ ተቈርጦ ወደ ደቡብ በተጓዘ መጠን ዋጋው እየከበደ የሚሄድ ገንዘብ ስለ ነበረ፣ በአንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር የሚገኘው የአሞሌ ብዛት በጎንደር አንድ፣ በባሶ ሌላ፣ ወንዙን ተሻግሮ በአሰንዳቦ ደግሞ ሌላ ነበር፤ በዚህ ላይ በየኬላው ለነጋድራሱ የሚከፈለው ቀረጥ፣ የበቅሎው ቀለብ፣ ክረምት ገብቶ ዐባይ ከመሙላቱ በፊት የቀሩት ቀናት፣ ማዶ ያለው ባላባት ከጎረቤቱ ጋር መታረቁ ወይም መጣላቱ ይታሰብ ነበር። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲሰማ ተራ ወሬ ነው። ነጋዴው ግን አንዱን ከአንዱ ደምሮ፣ አንዱን ከአንዱ ቀንሶ፣ «ጨውን እዚሁ ልሽጥ ወይስ ልሻገር?» ለሚለው ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ያወጣበት ነበር። በዘመናችን ኮምፒውተር የሚሠራው ሥራ፣ ፍጥነቱና ብዛቱ ሲቀር፣ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጥሬ ነገር ይቀበላል፣ በታወቀ ሥርዓት ያሰላል፣ ሰው የሚቈርጥበትን ፍሬ ነገር ይመልሳል። ልዩነቱ ነጋዴው ቍጥሩን የሚሰበስበውም፣ የሚያሰላውም፣ በውጤቱ የሚጠቀመውም ራሱ መሆኑ ነው፤ ከእርሱ በኋላ በጎጃም ደጋ ላይ የሆነውን ለመረዳት ይህን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ በነበረው ዘመን ሰብሳቢው አንድ፣ አስሊው ሌላ፣ ተጠቃሚው ደግሞ ሦስተኛ ሰው እየሆነ መጥቷል።

ነጋዴው በልቡ የያዘውን ወደ ወረቀት ካወረዱት ሰዎች አንዱ ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው ከሸዋ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1841 ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ከገባ በኋላ፣ ከባሶ ገበያ አጠገብ በሚገኝ የነጋዴዎች መንደር ብዙ ጊዜ ተቀምጦ፣ እስከ ከፋ ሳይደርስ ስለ ከፋ፣ እናርያን ሳያይ ስለ እናርያ የሚያውቁትን ነጋዴዎች እየጠየቀ፣ የመንገዱን ርቀት በቀን ጉዞ፣ የወንዙን አቅጣጫ፣ የዕቃውን ዋጋ፣ ከዐሥር የሚበልጡ ቋንቋዎችን ቃላት ሳይቀር መዘገበ። የአንዱን ቃል ከሌላው ቃል ጋር እያስተያየ የሚስማማውን አጸደቀ፣ የማይስማማውን ጣለ፤ በዚህ ሁሉ ድካሙም የለንደኑ የንጉሣዊ መልክዐ ምድር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1845 የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። በዚያው ዘመን ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደግሞ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየወጣ፣ በማዕዘን መለኪያ መሣሪያ አንዱን ተራራ ከሌላው ተራራ እያነጻጸረ፣ ደብተሩን በአኃዝ ብቻ ሞላው። እነዚያ አኃዞች ወደ አገሩ ተመልሶ እስኪያሰላቸው ድረስ ለማንም ምንም አይናገሩም ነበር፤ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ተዘርግቶ፣ ራዶ የተባለ ሊቅ ስሌቱን መርምሮና አሰናድቶ፣ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» የተባለው መጽሐፍ በፓሪስ ከ1860 እስከ 1873 እ.ኤ.አ. ታተመ። ተራራው በታየበት ቀንና ስፍራው በታወቀበት ቀን መካከል ሃያና ሠላሳ ዓመት አለፈ ማለት ነው፤ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ግን ከሳተላይት የሚደርሰውን ምልክት ተቀብሎ ያንኑ ዓይነት ስሌት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል።

ሁለቱ ሰዎች ግን ተጣሉ። ቢክ ዳባዲ ከፋ ደርሻለሁ ማለቱን ሐሰት ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1850 የክስ ጽሑፍ አሳተመ፤ የፈረንሳይ የመልክዐ ምድር ማኅበር ሰጥቶት የነበረውንም ሜዳልያ መለሰ። የኋላ ተመራማሪዎች የፈረዱት ለዳባዲ ነው። ይህን የማነሣው ለጠቡ ብዬ አይደለም፤ ሰብሳቢው ካልታመነ አኃዙ ምንም ያህል ቢበዛ ዕውቀት ሊሆን እንደማይችል ስለሚያሳይ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ያ ሁሉ ቍጥር ከባሶ ነጋዴ አፍና ከጎጃም ኮረብታ ላይ ተወስዶ በለንደንና በፓሪስ ዕውቀት ሲሆን፣ ከተነገረበት መንደር ግን አንዲት ቅጠል አልተመለሰችም።

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ከማንም ሳይሰወር የሚሰላና ውጤቱም በዐዋጅ ለሕዝብ የሚመለስ ሌላ ስሌት ነበረ፤ አሁንም አለ። የጎጃም ሊቃውንት በቅኔው ብቻ ስማቸው ቢገንም፣ ከመጻሕፍቱ ትርጓሜና ከቅኔው ጋር አብሮ የሚማሩት ባሕረ ሐሳብ፣ የአበው ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ትምህርት፣ ከአንዲት ጥሬ ነገር፣ ከዓመቱ ቍጥር ብቻ ተነሥቶ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ሁሉ ያወጣል። አንባቢው በዓይኑ እንዲያየው አንድ ዓመት ወስደን፣ በኋላ የምንመለስበትን 1960 ዓ.ም. መርጠን እናስላው።

ለዓመተ ምሕረቱ ዓመተ ፍዳው 5500 ሲጨመርለት ዓመተ ዓለሙ 7460 ይሆናል። ይህ ለአራት ሲካፈል 1865 ደርሶ ምንም አይተርፍም፤ አልቦ ሲተርፍ ወንጌላዊው ዮሐንስ ነው። 7460ና 1865 ተደምሮ 9325 ይሆናል፤ ይህንንም በሰባት ሲገድፉት፣ ማለትም አካፍለው ቀሪውን ሲይዙ፣ አንድ ይተርፋል፤ አንድ ከተረፈ መስከረም 1 የሚውለው ማክሰኞ ነው። ደግሞ 7460 በዐሥራ ዘጠኝ ተገድፎ 12 ሲተርፍ፣ አንዱ ለዘመኑ ተትቶ ወንበሩ 11 ይቀራል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121፣ በሠላሳ ተገድፎ አበቅቴው 1፤ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209፣ በሠላሳ ተገድፎ መጥቅዑ 29 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ ሠላሳ መምጣት ስላለባቸው፣ ደቀ መዝሙሩ ተሳስቶ እንደ ሆነ መምህሩ ሳይነግረው እዚህ ላይ ራሱ ያውቀዋል። መጥቅዕ ከዐሥራ አራት ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን፣ ማክሰኞ ይውላል፤ የማክሰኞ ተውሳክ 5 በመጥቅዕ ላይ ሲጨመር 34፣ ሠላሳው ሲወጣ መባጃ ሐመሩ 4 ይሆንና ጾመ ነነዌ የካቲት 4 ቀን ይገባል። ከዚያ ስልሳ ዘጠኝ ቀን ተቈጥሮ የ1960 ትንሣኤ ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ።

እነሆ አንድ ቍጥር ገብቶ በታወቀ ሕግ ተፈትሎ ወጣ፤ ገበሬው መቼ እንደሚጾም፣ ነጋዴው መቼ በግ እንደሚነዳ፣ ሙሽራው መቼ ሠርግ እንደሚደግስ ታወቀበት። የኮምፒውተር ሊቃውንት ፕሮግራም የሚሉት ነገር ይኸው ነው፤ ስሕተትን በራሱ የሚያጋልጥ መመርመሪያ እንኳ ሳይቀር አለው። የግእዝ አኃዝ አልቦን የሚወክል ምልክት ሳይኖረው ይህን ሁሉ መግደፍና ማባዛት በቃል የሚያደርጉትን መምህራን ሳስብ፣ ከአልቦና ከአንድ በቀር ሌላ አኃዝ የማያውቀው መሣሪያ ያን ያህል አያስደንቀኝም። ከስሌቱ ይልቅ የሚበልጠው ግን ሥርዓቱ ነው፤ መስከረም 1 ቀን ሊቃውንቱ የዓመቱን ወንጌላዊ፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ጾሙንና በዓሉን በቤተ ክርስቲያን ቆመው ያውጃሉ፤ ትምህርቱን የተማረ ማንም ሰው ተነሥቶ ቢያሰላው ያንኑ ስለሚያገኝ የሚጠራጠር የለም።

ስለ መሬት ያለው መዝገብ ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ ነበረው። ጥንታውያን አድባራት ርስታቸውንና ጉልታቸውን፣ የተሰጠውን፣ የተሸጠውንና የተወረሰውን በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ጽፈው፣ የሰረቀው ወይም የፋቀው በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ውግዘት ያኖሩበት ነበር። ይህ ለመጠበቅ የጸና ነው፤ ለመፈለግ ግን ያስቸግራል፤ አንድ ሰው የአያቱን መሬት ፍለጋ ቢመጣ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ፣ ብራናው ተገልጦ፣ ቅጠል በቅጠል ሊነበብለት ነው። ስለዚህ በጎጃም አብዛኛው የመሬት ነገር የሚኖረው በብራና ላይ ሳይሆን በሽማግሌ ልቡና ውስጥ ነበር፤ ርስተኛ ነኝ የሚል ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቈጥሮ ይናገራል፣ ሽማግሌዎች ያመሳክራሉ፣ ድርሻው በዚያ ይታወቃል። ማሳውም የሚለካው በጥማድ፣ በሬ ጠምዶ በአንድ ቀን በሚታረሰው ልክ እንጂ በክንድና በገመድ አልነበረም።

መንግሥት ቀላድ የተባለውን የመሬት መለኪያ ገመድ ይዞ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ እምቢ ያለው ይህን ሥርዓት ይዞ ነው። በአብዛኛው የደቡብ አገር መሬት በጋሻ ተለክቶ፣ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተከፍሎ ግብሩ ሲወሰን፣ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ እንደ ቀድሞው እንዲከፍሉ ተተዉ። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» የየጠቅላይ ግዛቱን ግብርና የመሬት ሥርዓት በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ ሲያቀርብ፣ ያን ዘመን የሚያጠና ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ከእርሱ ይቀዳል፤ አንድ ሰው የተበተነውን ቍጥር ሰብስቦ መልክ መስጠት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእርሱ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ከዚያ 1960 ዓ.ም. መጣ። በዓመቱ መግቢያ ላይ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ፣ ገበሬው ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ መጠን እንዲከፍል የሚያዝዝ ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ሲነበብ ከዐሥራት የተሻለ ፍትሕ ያለው ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ገቢው እንዲታወቅ ማሳው መታየት፣ ምርቱ በገማቾች መገመት፣ ስሙ መጻፍ ነበረበት። ገበሬው የሚያውቀው ገማቹ ሲመጣና ሲሄድ ብቻ ነው፤ ስለ እርሱ የተጻፈው ቍጥር ምን እንደ ሆነ፣ በምን ሕግ እንደ ተሰላ፣ ነገ ለምን እንደሚውል የሚነግረው አልነበረም። ስለዚህ የዛሬው ግምት የነገው ቀላድ ነው፣ ቀላዱም የርስት መነቀል ነው ብሎ ተነሣ። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች እንቢታው ወደ ጦርነት ተለወጠ፤ ጦር ሠራዊት ዘመተ፣ አውሮፕላንም ተሰማራ። በመጨረሻ ግን መንግሥት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ይህን ዐመፅ የድንቍርና ሥራ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። የሚያዝያ 13ቱን ስሌት ሳይጠራጠር የተቀበለ ሕዝብ በዚያው ዓመት የግብሩን ስሌት በጠመንጃ የመለሰው፣ ቍጥርን ስለ ጠላ አይደለም፤ አንዱ በፊቱ ተሰልቶ ሲነገረው ሌላው ከጀርባው ስለ ተሰላ ነው።

ሕዝብን ራሱን መቍጠር ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከበደ ሥራ ነው፤ መሣሪያውም የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1880ውን ሕዝብ ቈጠራ በእጅ አደራጅታ ለመጨረስ ሰባት ዓመት ያህል ፈጅቶባት፣ የሚቀጥለው ቈጠራ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል ተብሎ ሲሠጋ፣ ኸርማን ሆለሪት የተባለ መሐንዲስ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜና ፆታ፣ ሥራና ትውልድ በካርድ ላይ በቀዳዳ አመልክቶ፣ ቀዳዳውን በኤሌክትሪክ የሚቈጥር መኪና ሠራ፤ የ1890ው ቈጠራ በዚያ ተሰናዳ፣ የሆለሪት ድርጅትም ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በኋላ አይ.ቢ.ኤም. ተባለ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቈጠራ የተደረገው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የአገሪቱ ሰው ብዛት በግምት ይነገር ነበር፤ ቅጾቹ ተሰብስበው፣ በኮምፒውተር ተደምረው፣ በጦርነት ምክንያት ያልተቈጠረው ስፍራ በግምት ተሞልቶ ሲታይ ሕዝቡ ወደ 42 ሚሊዮን ደረሰ፤ ይህም ይገመት ከነበረው እጅግ ይበልጣል። በ1987 ሁለተኛው፣ በ1999 ዓ.ም. ሦስተኛው ተከተለ፤ በሦስተኛው ቍጥሩ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። አራተኛው በእጅ በሚያዝ ታብሌት ሊደረግ መሣሪያው ተገዝቶ ከተሰናዳ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በምክር ቤት ውሳኔ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ የጤና ጣቢያውም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የማዳበሪያውም ዕቅድ እስከ ዛሬ የሚሠራው ከ1999ኙ ቈጠራ ተነሥቶ በተሰላ ትንበያ ነው።

ወደ መሬቱ እንመለስ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ርስትን በዐዋጅ ካፈረሰ በኋላ መሬት በገበሬ ማኅበር ዝርዝር ተደለደለ፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና ሲከፋፈል ደግሞ የዝርዝር ኀይል ምን እንደ ሆነ ጎጃም በራሱ ላይ አየው። በዚያ ድልድል ሰው በየምድቡ ተጻፈ፤ በቀድሞው ሥርዓት ሥልጣን የነበረውና «ቢሮክራት» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ከአንድ ሄክታር፣ ይኸውም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ዓምድ ሥር የተጻፈች አንዲት ቃል የቤተሰቡን ማሳ ቈረጠች። እኔ እንደማየው የአኃዝና የመዝገብ አደጋ ከዚህ ይበልጥ የታየበት ጊዜ የለም፤ ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ያጠፋው ሰውን በአንድ ቃል መሰየሙ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጣው ምዝገባ መንገዱን ለወጠ። በ1992 ዓ.ም. ክልሉ የመሬት አስተዳደር ዐዋጅ አውጥቶ መሥሪያ ቤት ካቋቋመ በኋላ፣ በስዊድን ዕርዳታ የሙከራ ሥራ ከተጀመረባቸው ሁለት ወረዳዎች አንዱ የባሶ ሊበን ጎረቤት ጎዛምን ነበር፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው በክልሉ ተስፋፋ። ለገበሬው የሚሰጠው አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር ነው። ሲገለጥ መጀመሪያ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎ ይታያል፤ ቀጥሎ ማሳዎቹ በየተራ ይሰፍራሉ፤ የቦታው ስም፣ ስፋቱ፣ የመሬቱ ለምነት፣ በሰሜን የሚያዋስነው ሰው፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ የሚያዋስነው። የአዋሳኞቹ ስም በሽማግሌ ፊት የተነገረ ስለ ሆነ፣ የጥንቱ የርስት ምስክርነት በመንግሥት ቅጽ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደብተሩ በገበሬው ሣጥን ውስጥ መሆኑ ነው። መዝገቡ አንዱ ቅጂ በወረዳ፣ አንዱ ቅጂ በቤት ሲሆን፣ ስለ እርሱ የተጻፈውን ባለቤቱ ይዞት ያድራል፤ በ1960 የሸፈተው ሰው የልጅ ልጅ ደብተሩን ሳያጉረመርም የወሰደው፣ እንዲያውም ሌላው ሲቀበል የእርሱ የዘገየበት ሰው «ደብተሬስ?» እያለ ቀበሌ የተመላለሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ደብተር ልክ የተወሰደው በገመድና በእርምጃ ነበርና አዋሳኙ ሲሞት ወይም መሬቱ በውርስ ሲተላለፍ ምልክቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ መጣ፤ ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣው ምስል በሰፊ ወረቀት ታትሞ፣ ባለ ይዞታውና አዋሳኞቹ ድንበሩን በእግራቸው እየሄዱ በምስሉ ላይ ያሰምሩታል፤ መስመሩ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ማሽኑ የእያንዳንዱን ጥግ አኃዝ ይዞ ስፋቱን ያሰላል፣ ለማሳው መለያ ቍጥር ይሰጣል፤ ከዚያም ካርታው ለሕዝብ ዕይታ ተለጥፎ ቅሬታ ያለው እንዲናገር ቀን ይሰጣል። በፊንላንድ ዕርዳታ የተሠራው አገር አቀፍ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ይህን ሁሉ በአንድ መዝገብ ለማገናኘት የታሰበ ነው። አንድ ማሳ ሁለት ጊዜ ቢመዘገብ፣ ሁለት ድንበር ቢደራረብ፣ መሣሪያው ራሱ ይጮኻል፤ የመጥቅዕና የአበቅቴ ሠላሳ መሙላት ለደቀ መዝሙሩ የሚያደርገውን እዚህም ያደርጋል።

ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው የሰጡትን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ውስጥ ለእያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶት ገባ፤ ሀ 4608 ነው፤ ሐና ኀ ደግሞ ሌላ ሌላ ቍጥር አላቸው። ለንባብ አንድ የሆኑት ፊደላት ለኮምፒውተር ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው። አንዱ ጸሓፊ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ሐይሉ»፣ ሦስተኛው «ሀይሉ» ቢለው፣ መሣሪያው በአንድ ማሳ ላይ ሦስት ሰው ያያል፤ በወረዳ መስኮት ላይ የቆመው አንድ ሽማግሌ ግን «ስምህ የለም» ይባላል። ፍልሰታን በሰ ወይስ በሠ ትጽፋላችሁ እያሉ የሚከራከሩ መምህራንን ሰው ሥራ ፈት ይላቸው ነበር፤ አሁን ክርክሩ የመሬት ክርክር ሆኗል። ደግሞ የስፋቱ ነገር አለ፤ በገመድ አራት ጥማድ የተባለው ማሳ በምስል ሲሰላ ጥቂት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ፣ ባለሙያው የልኬት ልዩነት መሆኑን ያውቃል፤ ገበሬው ግን ከመሬቱ የተወሰደ ነገር አለ ብሎ ያድራል። ከሁሉም በላይ መብራት ሲጠፋ ወይም መስመር ሲቋረጥ ከመስኮቱ ወዲያ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚል መልስ፣ ከሩቅ ቀበሌ ገሥግሦ ለመጣ ሰው ከድሮው «ነገ ተመለስ» በምንም አይለይም።

ይህም ሆኖ ዛሬ በባሶ ሊበን ከሚኖር ገበሬ ቍጥርን የሚሸሽ ጥቂት ነው። በ8028 ደውሎ የእርሻ ምክር የሚሰማው፣ ከልጁ በቴሌብር ገንዘብ የሚቀበለው፣ የአፈሩ ዓይነት ተመርምሮ የተመከረውን ማዳበሪያ የሚገዛው እርሱ ነው። የድሮው የባሶ ነጋዴ የጎንደርንና የአሰንዳቦን ዋጋ ለማመዛዘን ብዙ ቀን የሚጠብቀውን፣ የዛሬው የጤፍ ነጋዴ ጭነቱን ሳያነሣ በስልክ ያውቀዋል።

እንግዲህ ከይጁቤ ገበያ እስከ ወረዳው መዝገብ ቤት ያለውን መንገድ ላየ ሰው አንድ ነገር ግልጥ ነው፤ በዚህ አገር ስሌት የተወደደውም የተጠላውም በመሣሪያው ዓይነት አይደለም፤ ለባለቤቱ በመመለሱ ወይም ባለመመለሱ ነው። ኮምፒውተሩ የመጣው ይህን ልማድ ሊያጸናውም ሊያፈርሰውም በሚችልበት ሰዓት ነው፤ ደብተሩ በሣጥን መኖሩ ቀርቶ መዝገቡ በመሣሪያው ውስጥ ብቻ የሚኖርበት ቀን ሩቅ አይደለምና። ስለዚህ በይጁቤም ሆነ በሌላው ወረዳ በመዝገብ ቤት የተቀመጣችሁ ባለሙያዎች፣ አንድ ባለ ይዞታ በመስኮታችሁ ሲቆም፣ ጣቱን ከማስፈረማችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እርሱ አዙሩለት፤ ስሙን በምን ፊደል እንደ ጻፋችሁት፣ ማሳው ስንት እንደ ወጣ፣ አዋሳኙ ማን እንደ ተባለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት፤ የተሳሳተም ካለ በዚያው ቀን አርሙት፤ የታተመውንም ቅጂ ሳትሰጡት አትሸኙት።